አያቴ ሳይቀሩ ስድስት ሆነን የምንጫወተው ምን ጨዋታ ይመከራል?

የጠባሴ ልጅ (ደብረ ብርሃን) | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ከአዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ቤተሰቦቼ ጋ መጥቻለሁ። እዚያ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ዓርብ ዓርብ ማታ የሰሌዳና የካርድ ጨዋታ እንጫወታለን፤ ከሳምንቱ ሁሉ የምናፍቀው እሱን ምሽት ነው። ዘንድሮ የቤቴም ሰዎች ይቅመሱት ብዬ ካታን የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ መጣሁ።

ማክሰኞ ማታ ዘረጋሁት። ውጭው ውርጭ ነው፣ ከሰሉ ተያይዟል፣ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ተሰብስቧል። ዳይሱ መደብ ሥር እንዳይገባ እናቴ ሰፌድ አመጣችልኝ፣ እሱ ውስጥ ነበር የምንወረውረው። መንገዶቹንና መንደሮቹን በየቀለማቸው ለይቼ አራት ሲኒ ውስጥ አደረግኋቸው። እስከዚህ ድረስ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ሕጉን ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። አባቴ ሁለት ጊዜ አንቀላፋ። እናቴ ካርዶቹን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ይባስ ብሎ ካታን ለአራት ሰው ነው፣ እኛ ስድስት ነን። የስምንት ዓመቷ የእህቴ ልጅና አያቴ ተመልካች ሆኑ። ልጅቷ አለቀሰች። አያቴ ደግሞ «እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ ልተኛ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

አያቴ ማንበብ አይችሉም። አእምሯቸው ግን ምላጭ ነው፤ ተረትና እንቆቅልሽ ላይ የሚደርስባቸው የለም። ስድስት ሰው የሚይዝ፣ ማንበብ የማያስፈልገው፣ የ17 ዓመት ወንድሜንም የማያሰለች ምን አለ? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

---

ሮቢት ሞቃቱ (ሸዋ ሮቢት) | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

ኡኖ። ቀለምና ቁጥር ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሰባት ሰባት ካርድ ታድላለህ፣ በአምስት ደቂቃ ይገባቸዋል። በካርታ ክሬዚ የተጫወተ ሰው ኡኖን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ኦሃዮ ውስጥ የፀጉር አስተካካይ የነበረ ሜርል ሮቢንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ነው፤ መጀመሪያ የሸጠውም እዚያው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው። ከቤት የወጣ ጨዋታ ስለሆነ ነው መሰለኝ ቤት ውስጥ የሚሞቀው።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ተስማሙ። «ሁለት ሳብ» ሲመጣብህ በላዩ ሌላ «ሁለት ሳብ» ጭኖ ወደሚቀጥለው ማሳለፍ በሕጉ የለም፤ ብዙ ቤት ግን እንደዚያ ነው የሚጫወቱት። እኛ ቤት በዚህ ምክንያት ሁለት ወንድማማቾች ለሦስት ቀን ተኳርፈዋል። የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም፣ ካርዱ ከመታደሉ በፊት ግን ይነገር።

---

መምህሩ ከመንዝ (መሐል ሜዳ) | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

ወንድሜ የጠባሴ ልጅ፣ ካታንን ወደ ሣጥኑ አትመልሰው። ጨዋታው ጥፋት የለበትም፣ አጀማመሩ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሕግ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተነገረ ክፍል ውስጥም ሰው ይተኛል፤ ካታንን እዚህ መንዝ ከአማቾቼ ጋር ስጫወት ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አልተናገርኩም። «መሬቱ ላይ ያለው ቁጥር ሲወጣ አጠገቡ መንደር ያለው ሰው ያንን ምርት ያገኛል። በምርቱ መንገድና መንደር ይሠራል። አሥር ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል።» አለቀ። የመጀመሪያውን ዙር ሁላችንም ካርዳችንን ገልጠን ተጫወትን። ሽፍታ የሚባለው ጠጠር የመጣው ሰባት ስትወጣ ነው፣ ስለሽፍታው የነገርኳቸውም ያኔ ነው።

ስሞቹንም ለወጥኳቸው። ስንዴውን ገብስ አልኩት፤ በዚህ ደጋ ስንዴ ማን ብሎት። በጉ ግን በግ ሆኖ ቀረ፣ ጉዱም ከዚያ ጀመረ።

ካታን ውስጥ 19 መሬት አለ። አራቱ የበግ ግጦሽ፣ አራቱ እንጨት፣ አራቱ ስንዴ ናቸው። ጡብና ማዕድን ሦስት ሦስት፣ አንዱ ምድረ በዳ ነው። ጡብ ከበግ ያንሳል፤ ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ መንገድ የሚሠራው በእንጨትና በጡብ ስለሆነ ጡብ የያዘ ሰው ንጉሥ ነው። ስለዚህ አውሮፓውያኑ ሲጫወቱ አንድ ጡብ ለማግኘት ሁለት በግ ሲሰጡ ቅር አይላቸውም። አማቴን አንድ በግ በአንድ ጡብ ይለውጡኝ ብዬ ጠየቅኋቸው። ካርዷን ወደ ደረታቸው አስጠጉና «በግ በጡብ የሚለውጥ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። ሁለት ጡብ ብጨምርም እንቢ። ባንኩ አራት ተቀብሎ አንድ እንደሚሰጥ ስነግራቸውማ «ይሄማ ዘረፋ ነው» ብለው ተቆጡ። በግ ሲሰበስቡ ሲሰበስቡ ስምንት ካርድ ሞላ። ሰባት ወጣች። ከሰባት ካርድ በላይ የያዘ ግማሹን ይጥላል፣ አራት በግ ጣሉ። አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ እያስቀመጡ «ክረምት ፈጃቸው» አሉ። የበግ ነገር ለሚያውቅ ሰው ይቺ ቃል ቀላል አይደለችም። ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ።

በሁለተኛው ጨዋታ ግን በጋቸውን ቶሎ ቶሎ ይሸጡ ጀመር፤ በሦስተኛው አሸነፉን። «ሰባት ሳትመጣ ገበያ ማውጣት ነው» የሚል መላ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሁለት ዳይስ ሲወረወር ከ36 አጋጣሚዎች 6ቱ ሰባት ናቸው፤ ስድስትና ስምንት እያንዳንዳቸው 5፣ ሁለትና አሥራ ሁለት ደግሞ አንድ አንድ። ይህን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሳስተምር ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ አማቴ በሦስት ምሽት ደረሱበት።

ጨዋታውን የፈጠረው ክላውስ ቶይበር ጀርመናዊ የጥርስ ቴክኒሺያን ነበር። ካታን እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በዚያው ዓመት የጀርመኑን «የዓመቱ ጨዋታ» ሽልማት አገኘ፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2023 ዐርፏል። መሐል ሜዳ ላይ በበግ ካርድ ክርክር ይነሣል ብሎ አስቦ ያውቅ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ለስድስት ሰው ግን ልክ ነህ፣ አይበቃም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ በሦስት ቡድን ተጫወቱ። አያትህን ከልጅቷ ጋር አጣምር።

---

ሮቢት ሞቃቱ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡31

መምህር፣ «ክረምት ፈጃቸው» የምትለዋን ለአባቴ አነበብኩለት። እሱም ዝም አለ።

---

ዝምታ ይሻላል (ደብረ ብርሃን) | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ቅር አይበላችሁና አንድ ነገር ልበል። የተወለድኩት ካርታ ቤት ያፈረሰበት ሰፈር ነው። በኮንከርና በፍላሽ የልጆቹን የደብተር ብር ያስበላ አባት አይቻለሁ። እናትህ ካርዱን ስታይ ፊቷ የተለወጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን «ዘመናዊ» እያልን በሚያምር ሣጥን ስላስገባነው ያው ካርታ አይደለም ወይ? ልጅ በስምንት ዓመቱ ካርድ መበወዝ ከለመደ በአሥራ ስምንቱ ምን ይይዛል? ጸብ ፍለጋ አይደለም፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

---

የጠባሴ ልጅ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡50

ዝምታ፣ ከልብህ ስለጠየቅክ እኔም ከልቤ ልመልስልህ። እናቴን ትናንት ቡና እየተፈላ ጠየቅኋት። ታላቅ ወንድሟ፣ እኔ ያላየሁት አጎቴ፣ የእህል ሽያጭ ብር ይዞ ገበያ ወጥቶ ካርታ ላይ አድሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። አያቴ ያን ዓመት ዘር ተበድረው ዘሩ። እናቴ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። በልጅነቴ ካርታ ነክቼ አንድ ጊዜ በጥፊ ብላኛለች፤ ለምን እንደሆነ ገና ትናንት ነው ያወቅኩት።

ስለዚህ አልተከራከርኳትም። እኛ በምንጫወተው ውስጥ ገንዘብ እንደሌለ፣ ተሸናፊው የሚያጣው እንደሌለ አሳየኋት። ሁለት ነገር አለችኝ። ብር ይቅርና የብር ስም የሚጠራበት ጨዋታ እንዳላመጣ፣ ማታ ከሦስት ሰዓት እንዳያልፍ። ሁለቱንም ተቀበልኩ። ቁማርን ቁማር ያደረገው ወረቀቱ ሳይሆን መያዣው ነው ብዬ አምናለሁ። የእህቴ ልጅ ካርድ በእናቷና በአያቷ መሀል ተቀምጣ፣ ሽንፈትን ሳትናደድ መቀበልን እየተማረች ብትለምድ ሌላ ቦታ ተደብቃ ከምታገኘው ይሻላል። የአንተም ስጋት ግን ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም፤ እናቴ ያስቀመጠችውን ዓይነት ወሰን ሌላውም ቤት ቢያስቀምጥ ደስ ይለኛል።

---

ዝምታ ይሻላል | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡10

እናትህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። ወሰኑን ወድጄዋለሁ።

---

ቆሎ ሻጯ (ደብረ ሲና) | ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡30

እኔ የምመክረው ኮድኔምስ ነው፤ ግን የተሸጠውን ሣጥን አይደለም፣ እኛ በእጃችን የሠራነውን። የእንግሊዝኛው ቃላት ለእኛ ቤት አይሆኑም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የፓስታ ካርቶን ቆርጠን 200 ቁራጭ አዘጋጀን፣ በየቁራጩ አንድ የአማርኛ ቃል ጻፍን። ሃያ አምስቱን ጠረጴዛው ላይ አምስት በአምስት ትደረድራለህ። ሁለት ቡድን፣ ለየቡድኑ አንድ መሪ። የትኛው ቃል የማን እንደሆነ የሚያዩት መሪዎቹ ብቻ ናቸው፤ እሱን ከባለ ካሬ ደብተር ላይ ቀደን ቀለም ቀብተን ሠራነው። ለሚጀምረው ቡድን ዘጠኝ፣ ለሌላው ስምንት፣ ሰባቱ የማንም አይደሉም፣ አንዱ ደግሞ የነካው ቡድን ወዲያው የሚሸነፍበት ጥቁር ቃል ነው። መሪው የሚናገረው አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ልብስ፣ ሦስት» ካለ ከልብስ ጋር የሚሄዱ ሦስት ቃላት አሉ ማለት ነው።

አሁን አማርኛ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። በጽሑፍ ስናይ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም። «ገና» ብላችሁ ጻፉ፤ በዓሉ ነው፣ ወይስ «ገና ነው» የምንለው? «ዋና» ወንዝ ውስጥ ነው ወይስ አለቃ? «ሽፍታ» ጫካ ነው ያለው ወይስ ቆዳ ላይ? «ቁልፍ» የበር ነው ወይስ የሸሚዝ? «ካርታ» የጂኦግራፊ ነው ወይስ ያ እናትህ የማትወደው? ባለፈው እሑድ አባቴ መሪ ሆነው «ሐሰት፣ ሁለት» አሉ። ወንድሜ «ምስክር»ን ወዲያው አነሣ፣ የሐሰት ምስክር። ሁለተኛውን ግን አጣነው። ሃያ አራት ቃል ላይ ዓይናችን ሲንከራተት ቆየ፣ አባቴ ከንፈራቸውን ነክሰው ጣራ ጣራ ያያሉ። ድንገት ታናሽ እህቴ «አባይ!» ብላ ጮኸች። ሁላችንም ወንዙን ነበር የምናየው። «ባ»ን አላልታ ስታነበው ውሸታም ሆነ። አባቴ ተነሥተው ሳሟት።

በጥብቅ የያዝነው አንድ ሕግ አለ፣ ለአማርኛ የግድ ነው። መሪው ሥሩ አንድ የሆነ ቃል መናገር አይችልም። ጠረጴዛው ላይ «መጽሐፍ» ካለ «ጸሐፊ» ወይም «ጽሕፈት» ብሎ መጠቆም ክልክል ነው፤ «ማረሻ» ካለ «እርሻ» አይባልም። ይህን ካልከለከላችሁ ጨዋታው በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

የሰፈራችንን ቃላትም አስገባን፣ ባና፣ ጓሳ፣ ጭጋግ፣ ቆሎ። «ተማሪ፣ ሁለት» ሲባል «ደብተር»ና «ቆሎ» የሚነሡት እኛ አገር ብቻ ነው።

አያትህ ማንበብ ስለማይችሉ ልጅቷ ሃያ አምስቱንም ጮክ ብላ ታንብብላቸው። እኔ ቤት እትዬ እንዲህ ነው የሚጫወቱት፣ አንዴ ከሰሙ የት ጋ ምን እንዳለ አይረሱም። እዚህ ላይ ግን አንድ እውነት አለ፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚጠብቀውና የሚላላው ይለያል፣ ጨዋታውም ይቀላል። ስለዚህ አንባቢዋ ሁለቱንም አነባበብ እንድትል አስተምሯት፦ «አባይ፣ ዓባይ»።

---

አንኮበሬ (አንኮበር) | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡00

ሁሉም ደስ ይላል፣ ግን ከጀርመንና ከአሜሪካ ከመጥራታችን በፊት ገበጣና ሰንጠረዥ የት ሄዱ? የአገራችን ሰንጠረዥ፣ ቼዙን ማለቴ ነው፣ አጀማመሩ ከሌላው ዓለም ይለይ ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ አይጠበቅም። ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ጦራቸውን ያሰልፋሉ፣ እጅ ከእጅ እየተጋጨ። ወረራ ይሉታል። ተራ የሚጀመረው አንዱ ሲበላ ነው። ይህን የሚጫወት ሰው ዛሬ ስንት አለ?

---

መምህሩ ከመንዝ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡15

አንኮበሬ፣ ቁጭትህ የእኔም ነው። ግን አንዱ ሌላውን ያባርራል ብዬ አላምንም። ተራ ሳይጠበቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጫወትበት ሐሳብ ዛሬ ተወዳጅ በሆኑ ጨዋታዎችም አለ። «ሰባቱ ድንቆች» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ እስከ ሰባት ሰው ይጫወተዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ካርድ መርጦ የቀረውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል፤ ማንም ቁጭ ብሎ ተራ አይጠብቅም፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ያልቃል። ተማሪዎቼን ይህን ካጫወትኩ በኋላ ስለ ወረራ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ፤ ቼዝ ሰሌዳ አምጥተው እንደዚያ ሞከሩት። ያላየ ሰው ቢነግሩት «ተረት ነው» ይላል፣ የቀመሰ ግን ይጠይቃል።

ገበጣን ካነሣህ ደግሞ ለስምንት ዓመት ልጅ መቁጠርና አስቀድሞ ማሰብ ለማስተማር ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። ለሁለት ሰው ነው እንጂ።

---

ጭጋግ ውስጥ (ጣርማ በር) | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ስለ አያትህ ያነበብኩትን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የሚያስፈልግህ ዲክሲት ነው። አንዲት ፊደል የለበትም፣ ሥዕል ብቻ ነው። እስከ ስድስት ሰው ይጫወተዋል፣ እናንተም ስድስት ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በ2010 ካታን ያገኘውን ያንኑ ሽልማት አግኝቷል።

ሁሉም ስድስት ስድስት ሥዕል ይይዛል። ባለተራው ከእጁ አንዱን መርጦ ሳያሳይ ስለሱ አንድ ነገር ይላል። ቃልም ይሁን ምሳሌ፣ ዜማም ቢሆን ይቻላል። ሌሎቹ ከየእጃቸው ለዚያ አባባል የሚቀርበውን ሥዕል በድብቅ ይሰጡታል። ተበውዞ ይዘረጋል። ከዚያ ሁሉም የባለተራው የትኛው እንደሆነ ይገምታል።

ልቤን የወሰደው የነጥቡ አሰጣጥ ነው። ሁሉም ሰው ካወቀው ባለተራው ዜሮ ነው። ማንም ካላወቀውም ዜሮ ነው። ሦስት ነጥብ የሚያገኘው አንዱ አውቆ ሌላው ሲስት ነው፤ ያወቁትም ሦስት ያገኛሉ፣ ተሳስቶ የሌላውን ሥዕል የመረጠ ሰው ደግሞ ለዚያ ሥዕል ባለቤት አንድ ነጥብ ይጨምራል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ቅኔ ነው። ሰሙ ብቻ ከተሰማ ዋጋ የለውም፣ ወርቁ ጨርሶ ከተሰወረም ዋጋ የለውም። ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ጨዋታ ነው፣ ለእኛ አያቶች ግን ሲጫወቱት እንደኖሩት ነው።

ሣጥኑ 84 ካርድ አለው። ዋጋው ከከበደህ እንደ እኔ አድርግ። ያለፉ ዓመታት የቀን መቁጠሪያዎችን፣ የድሮ መጽሔቶችን ሰብስበህ ሥዕላቸውን ቁረጥ፣ እኩል መጠን ባለው ካርቶን ላይ ለጥፍ። ጀርባው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ጽሑፍ ያለበትን አትውሰድ። ብዙ ነገር የሚያሳይ ሥዕል ይሻላል፤ አንድ ድመት ብቻ ያለበት አይጠቅምህም፣ ድመቷ መስኮት ላይ ሆና ዝናብ የምታይበት ግን ወርቅ ነው።

---

ሮቢት ሞቃቱ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡40

እኔ ኡኖ እንዳልኩ ነኝ። ግን የቀን መቁጠሪያውን ነገር ዛሬውኑ እጀምራለሁ።

---

ግርማ ሞገስ (ደብረ ሲና) | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡20

የ17 ዓመቱ ወንድምህ መሸነፍ የማይወድ ከሆነ ፓንደሚክን ሞክሩ። ተጫዋቾቹ በሙሉ አንድ ወገን ናቸው፤ አራት በሽታ ዓለምን ሳይፈጅ መድኃኒቱን ማግኘት ነው። ወይ ሁሉም ያሸንፋል ወይ ሁሉም ይሸነፋል። ለአራት ሰው ነው። አደጋው፣ አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉን ሰው ማዘዝ ይጀምራል። እኛ ታናሹ ሰው ሐሳቡን ሳይናገር ማንም አይናገርም ብለን ወስነን ነው የዳንነው።

ካርካሶንም ፊደል የለውም። 72 ቁራጭ እያነሣህ መንገድና ከተማ እያገጣጠምክ የምትሠራበት ነው፣ ለአምስት ሰው ይሆናል።

---

የጠባሴ ልጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከእህቴ ልጅ ጋር ቤት ውስጥ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ሁሉ አወረድን። እናቴ እንጀራ ማስቀመጫው ሥር ያስቀመጠችውን የስምንት ዓመት ክምችት አወጣችልን። አባቴ በመቀስ ሲቆርጥ እኛ ለጠፍን። ስልሳ ሥዕል ወጣልን። ሙጫው ባለቀ ጊዜ እናቴ ራሷ የዱቄት ሙጫ አሽታ አመጣች። እዚህ ላይ ነው ልቤ የተመለሰው፤ ጨዋታው ሳይጀመር እናቴ ገብታበታለች።

አንድ ያልፈታነው ነገር ነበር። ግምቱን ሁሉም በድብቅና በአንድ ጊዜ መስጠት አለበት፤ ሣጥኑ ውስጥ ለዚህ የሚሆን የቁጥር ምልክት ይኖራል፣ እኛ የለንም፣ ብንጽፈውም አያቴ አያነቡትም። መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። ሥዕሎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ። የመጀመሪያው አንድ ባቄላ፣ ሁለተኛው ሁለት ባቄላ። ሁሉም የመረጠውን ያህል ባቄላ በጡጫው ይይዛል፣ «ክፈቱ!» ሲባል ሁሉም እጁን ይዘረጋል። ልጅቷ ትቆጥራለች። ነጥቡን በክብሪት እንጨት ያዝን።

ቡናው አቦሉ ላይ ጀመርን። ማስረዳቱ ከአራት ደቂቃ አልዘለለም፤ መምህር፣ ምክርዎን ሰምቻለሁ። ወንድሜ ጀመረና «ዝናብ» አለ። ሁላችንም አወቅነው፣ ዜሮ። ተናደደ። አባቴ ቀጥሎ «ሠላሳ ሁለት» አለ። ማንም አላወቀውም፣ እሱም ዜሮ። ሲጠየቅ ሥዕሉ ላይ ያለው የበረት አጥር ሠላሳ ሁለት ግንድ አለው፤ ቆጥሮታል።

ከዚያ የአያቴ ተራ ደረሰ። ስድስቱን ሥዕል አንድ በአንድ ወደ ኩራዙ አስጠግተው አዩ። መብራት ሄዶ ነበር። ከጋቢያቸው ውስጥ አንዱን ሥዕል ሸሸግ አድርገው ብዙ ቆዩ። ማንም አላቻኮላቸውም። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ጠዋት ነበረ።»

ስድስቱ ሥዕሎች ተዘረጉ። ፀሐይ ስትወጣ ያለ ተራራ ነበር፣ እኔ የሰጠሁት ነው። ዶሮ ነበር። ወፍጮ ላይ የቆመች ሴት ነበረች። የሚጓዝ አውቶቡስ ነበር። ባዶ አዳራሽ ነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ በረንዳ ላይ ያለ አንድ ባዶ ወንበር፣ የተደገፈበት በትር አጠገቡ።

ወንድሜና እናቴ የእኔን ተራራ መረጡ። አባቴ አውቶቡሱን። እኔ ዶሮውን። ጡጫችንን ስንከፍት ልጅቷ ስድስት ባቄላ ይዛለች። ባዶው ወንበር።

«እንዴት አወቅሽ?» አላት ወንድሜ።

«ነበረ አሉ እኮ፣» አለች። «ጠዋት ነው አላሉም። ነበረ። ጠዋት የነበረ ሰው ነው የሌለው።»

አያቴ ምንም አላሉም። አያቴ በትራቸውን በረንዳው ላይ የሚያስደግፉ ባል ነበራቸው፣ እኔ አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ነው የሞቱት። ልጅቷ አታውቃቸውም። ሦስት ክብሪት ለአያቴ፣ ሦስት ለልጅቷ ቆጥረን ሰጠን። እናቴ ቶናውን ለመቅዳት ተነሥታ ጀርባዋን ሰጥታን ትንሽ ቆየች።

ከዚያ በኋላ አያቴን የሚችላቸው ጠፋ። በሥዕል ላይ ተረት ይጨምሩበታል፣ ግጥም ይሉበታል። አንዱን ካርድ «ሀገር ስጠኝ» ብለው ነው የጠቆሙት፤ እንቆቅልሽ አቅቶት ሀገር የሰጠ ሰው የሚመስል፣ አፉን ከፍቶ የቆመ ልጅ ነበረበት። ሁለት ሰው አወቀ፣ ሦስቱ ሳቱ። ልክ እንደሚያስፈልገው። ሦስት ሰዓት ሲሆን እናቴ ተነሣች፤ አያቴ ግን «የያዝነውን እንጨርስ» ብለው አስቀመጧት።

ካታንን ነገ ማታ በሦስት ቡድን እንሞክረዋለን። አያቴና ልጅቷ አንድ ላይ ናቸው። «በጉን አትሽጪ» ብለው ከአሁኑ እያስጠኗት ነው።

---

መምህሩ ከመንዝ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

ሰባት ካርድ እንዳያልፉ ንገርልኝ።

---

ቆሎ ሻጯ | ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

ልጅቷን ሳምልኝ። «ነበረ አሉ እኮ» ያለችውን ለእትዬ ስነግራቸው «የማን ልጅ ናት» አሉኝ።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለስህ በፊት የጻፍናቸውን 200 ቃላት እልክልሃለሁ። የመስክ ሥራ ላይ ያለው አጎቴ ረቡዕ ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል። ከፓስታ ካርቶኑ ጋር አንድ ከረጢት ቆሎም አለ፣ ለአያትህ ነው።

---

አንኮበሬ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

የአያትህ አጨዋወት ከእኛ ወገን ነው። ቁጭቴ ቀለል አለልኝ።

አባቴ ጋ የቆየ የገበጣ እንጨት አለ፣ ከወይራ የተፈለፈለ። አሥራ ሁለቱ ጉድጓድ በእጅ ከመዳሰስ ብዛት እንደ መስታወት ሆኗል። ወደዚህ ከወጣህ ከልጅቷ ጋር ና፤ አባቴ የሚጫወታቸው ሰው ካጡ ቆይተዋል።

---

የጠባሴ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ቅዳሜ እንመጣለን። ስንት ሰዓት ቤት ይገኛሉ?